በፕሮግራም ላይ ያለ፣ በሜዳ ላይ የሌለ ትምህርት

በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በዲሬክተሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ሳምንታዊ ፕሮግራም የተመለከተ ሰው፣ ከሒሳቡና ከሳይንሱ፣ ከአማርኛውና ከእንግሊዝኛው መካከል «ሰውነት ማጎልመሻ» የሚል ክፍለ ጊዜ ተጽፎ ያገኛል። አባቶቻችን ጅምናስቲክ፣ ኋላም የሰውነት ማጠንከሪያ ይሉት የነበረው ነው። ጽሕፈቱ ያማረ ነው፤ ሰዓቱም በማስመሪያ ተሠምሮለታል። ነገር ግን ሰዓቱ ሲደርስ ልጆቹን ፍለጋ ወደ ሜዳ የሚወጣ ሰው ብዙ ጊዜ አያገኛቸውም። የሒሳብ አስተማሪው «ምዕራፉን አልጨረስንም» ብሎ ወስዶታል። ፈተና ሲቃረብ ለክለሳ ይውላል፤ ዝናብ ሲመጣ ዝናቡ ይወስደዋል፤ አስተማሪው የቀረ እንደ ሆነ የሚተካው አይፈለግም። የበዓል ዝግጅት፣ የወላጆች ስብሰባ፣ የግቢ ጽዳት፣ የመጻሕፍት ርክክብ፣ ሁሉም የሚገባው በዚያው ቀዳዳ ነው።

ይህን ርእስ ለመጻፍ ባሰብን ጊዜ በምግብ አዳራሽም በመኝታ ቤትም ያገኘናቸውን ጓደኞቻችንን ስለ ትምህርት ቤታቸው ጠየቅን። ከክፍለ ሀገር የመጡትም፣ እዚሁ አዲስ አበባ ያደጉትም የነገሩን ታሪክ በጣም ይመሳሰላል። ክፍለ ጊዜው ሳይወሰድ የቀረ እንደ ሆነ አስተማሪው አንድ ኳስ ወርውሮ ከጥላ ሥር ይቀመጣል። ጉልበት ያላቸው ሃያ ወንዶች ኳሷን ይከተላሉ። የቀሩት የጓደኞቻቸውን ሹራብ ታቅፈው በአጥሩ ሥር ይቆማሉ፤ ሴቶቹም ክብ ሠርተው ወሬ ይዘዋል። ወርኀ ፈተና ሲደርስ ግን ሁሉም እኩል ይፈተናል። ፈተናውም በወረቀት ነው! «የመረብ ኳስ ሜዳ ርዝመቱና ወርዱ ስንት ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ልጁ 18 ሜትር በ9 ሜትር ብሎ ይጽፋል፤ ሙሉ ማርክም ያገኛል። መረብ ኳስን ግን በእጁ ነክቶ አያውቅም። እንዲህ ባለ መንገድ ዋናተኛ ለማፍራት የፈለገ ሰው የውኃን ጥልቀት በቃል እንደሚያስጠና ይቆጠራል።

የምንለው አንድ ነገር ነው። ይህ ሰዓት የልጁ ንብረት ነው። ማንም አስተማሪ፣ አሳቡ ምንም ያህል በጎ ቢሆን፣ ከልጁ ላይ ሊወስደው አይገባም። ይህን ለዩኒቨርሲቲ ሰዎች የምንጽፍበትም ምክንያት አለን፤ ነገ ያንን ሰዓት የሚወስዱት ወይም የሚጠብቁት የሒሳብ፣ የፊዚክስና የእንግሊዝኛ አስተማሪዎች ዛሬ ከእኛ ጋር በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው የሚማሩ ናቸው።

ሰዓቱ የሚወሰደው በክፋት እንዳይደለ እናውቃለን። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ሆኑ። ይህን የሰማ ወላጅ ቢደነግጥ አንፈርድበትም። ዲሬክተሩም ጨዋታ የሚመስለውን ሁሉ ከፕሮግራሙ ሊቆርጥ ቢነሣ፣ ድንጋጤው የት እንደሚመራው ይገባናል። ነገር ግን ሒሳቡ ይመርመር። የሰውነት ማጎልመሻው ሰዓት ለክለሳ ሲሰጥ የኖረው ዛሬ አይደለም፤ እነዚህ ተፈታኞች ከታች ክፍል ጀምረው እንደዚያው ሲከለስላቸው ያደጉ ናቸው። ክለሳው የሚያድን ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ባዳነ ነበር።

ደግሞስ ከመጽሐፍ ላይ የተነሣ ሰዓት ሁሉ ለትምህርት የጠፋ ሰዓት ነውን? ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት የጠየቁና የሞከሩም አሉ። በፓሪስ አጠገብ ቫንቭ በምትባል ከተማ፣ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መባቻ፣ ዶክተር ማክስ ፉሬስትዬ የተባሉ ሐኪም በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቀለሙ ትምህርት በጧት እንዲያልቅ፣ ከሰዓት በኋላው ለሰውነት እንቅስቃሴ እንዲውል አስደረጉ። ልጆቹ በትምህርታቸው ከሌሎቹ ወደ ኋላ አልቀሩም፤ ጤናቸውም ተሻለ። በካናዳም በኬቤክ ክፍለ ሀገር፣ በትሯ ሪቪዬር አካባቢ፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ከ500 በላይ በሆኑ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ረዥም ጥናት ተደረገ። ከፊሎቹ በየቀኑ አንድ ሰዓት የሰውነት ማጎልመሻ በሠለጠነ አስተማሪ ተሰጣቸው፤ ያም ሰዓት የተወሰደው ከሌላው ትምህርት ላይ ነበር። ይኸውም በእኛ አገር ከሚደረገው ፍጹም ተቃራኒ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ሲታይ፣ ለቀለም ትምህርት ያነሰ ጊዜ ያገኙት እነዚህ ልጆች በማርክ አልተበለጡም፤ እንዲያውም በአብዛኛው በልጠው ተገኙ። በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ቻርልስ ሂልማንና ባልደረቦቹ ዘጠኝና ዐሥር ዓመት የሆናቸውን ልጆች ለ20 ደቂቃ ያህል በፍጥነት አራምደው ከዚያ በኋላ ፈተኗቸው። ልጆቹ ተቀምጠው ከቆዩበት ቀን ይልቅ በተራመዱበት ቀን ትኩረታቸው የተሻለ ሆነ፤ የማንበብ ፈተናቸውም እንዲሁ። የተፈተኑት ልጆች 20 ብቻ ስለ ነበሩ ከዚህ ከመጠን ያለፈ ነገር መደምደም አይገባም። ነገር ግን ሦስቱም የሚያመለክቱት ወደ አንድ ወገን ነው፤ ልጁ ሮጦ ሲመለስ ለሒሳቡ አስተማሪ የሚሰጠው ጆሮ ይጨምራል።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መምሪያ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ዕድሜ ያለው ልጅ በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ያህል ልብን የሚያስመታና ትንፋሽን የሚያስቸኩል እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። በሳምንት ቢያንስ በ3 ቀን ጡንቻንና አጥንትን የሚያጠነክር እንዲጨመርበትም ያዝዛል። የድርጅቱ ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የ146 አገሮች ጥናት እንደሚያሳየው፣ በ2016 እ.ኤ.አ. በትምህርት ገበታ ላይ ካሉት ከ11 እስከ 17 ዓመት ከሆናቸው ልጆች መካከል ከመቶው 81ዱ ይህን መጠን አያሟሉም ነበር። ከወንዶቹ ከመቶ 78ቱ፣ ከልጃገረዶቹ ከመቶ 85ቱ ማለት ነው።

«ይህ የጠገበ አገር በሽታ ነው፤ የእኛ ልጅ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ከብት ይጠብቃል» የሚሉን ይኖራሉ። ስለ ገጠሩ ልጅ የሚሉት እውነት ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአሰላ አጠገብ ከነበረው መንደራቸው ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ይሄድ፣ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ይመለስ ነበር። ደብተሩን በግራ ክንዱ ታቅፎ የሮጠበት ልማድ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖም ከግራ ክንዱ አለመጥፋቱን ሩጫውን ያየ ሁሉ ያስታውሳል። የከተማው ልጅ ግን የሚያሳድደው ከብት የለውም። ጧት ከኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ወርዶ በሰርቪስ ይሳፈራል። ከሰርቪሱ ወርዶ በዴስክ ላይ ይቀመጣል። ከዴስኩ ተነሥቶ እንደ ገና በሰርቪስ ይመለሳል። ከቤት ሲደርስ አስጠኚው ይጠብቀዋል፤ አስጠኚው ሲሄድ ቴሌቪዥኑና የእናቱ ስልክ ይቀበሉታል። ከደረጃው በታች ያለው አደባባይ መኪና ቆሞበታል። ሰኞ ማክሰኞ ለመጫወት መሬት ላይ መስመር የሚያሠምሩ ሕፃናት መስመራቸውን ሳይጨርሱ የመኪና ጡሩንባ ያስነሣቸዋል።

ይህ ምን እንደሚያደርስ የሚያሳይ ማስረጃም ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ በአዳማ ከተማና በአካባቢዋ ባሉ የትምህርት ቤት ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት ከመቶው 42ቱ የቪታሚን ዲ እጥረት እንዳለባቸው ገልጿል። ይህ ቪታሚን በአብዛኛው የሚገኘው ቆዳችን ፀሐይ ሲነካው ነው፤ ያለ እርሱም አጥንት አይጠነክርም። በገጠሩ ልጆች ላይ እጥረቱ 21 ከመቶ ገደማ ሲሆን በከተማዎቹ ላይ 62 ከመቶ ገደማ ነበር። የዐሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አለን እያልን ለቱሪስት በምንሰብክበት አገር፣ ልጆቻችን ፀሐይ ጎደላቸው! ማንም ሐኪም በየሳምንቱ ለዚህ የሚሆን መድኃኒት ቢያዝ ወላጅ ተበድሮም ይገዛል። በፕሮግራሙ ላይ በነፃ የተጻፈውን ሰዓት ግን ሲወሰድ ዝም ብሎ ያያል።

አንድ ነገር በዚህ ላይ እንጨምር። ቁርስ ያልበላን ልጅ አሯሩጡት አንልም። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በሰፊው የተያዘው የምገባ ሥራ የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪውም የመጀመሪያ ረዳት ነው። ምገባ በሌለበት ቦታ አስተማሪው ልጆቹን አይቶ እንቅስቃሴውን ማቅለል አለበት፤ ለዚህም ነው የሠለጠነ ሰው የሚያስፈልገው።

ስለ አካል ይህን ያህል ካልን፣ ስለ አእምሮ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበውን እናንሣ። የዓለም የጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆናቸው ልጆች ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና መታወክ እንደሚገጥመው ይናገራል። እንቅስቃሴ የሚያደርጉ ልጆች የጭንቀትና የመከፋት ምልክታቸው ቀለል እንደሚል ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። እኛ ግን ከጥናቶቹ ይልቅ አንድ ቀላል ነገር እናስታውስ። በክፍል ውስጥ ስልሳ ልጆች በአንድ አቅጣጫ ፊታቸውን አዙረው ሲቀመጡ፣ ማን አዘነ፣ ማን ተገለለ፣ አስተማሪው በምን ያውቃል? ዝም ያለው ልጅ ጨዋ ይባላል። በሜዳ ላይ ግን ሁሉ ይታያል። ቡድን ሲከፈል ማንም የማይመርጠው ልጅ ይታያል። ገና ሲነካ የሚያለቅሰው፣ በትንሽ ነገር እጁን የሚያነሣው፣ ከሁሉ ርቆ በአጥሩ ሥር የሚቀመጠው ይታያል። ለአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶቻችን የአእምሮ ሐኪም የላቸውም። ልጁን ቀድሞ ሊያውቀው የሚችለው ያ ፊሽካ የያዘ አስተማሪ ነው። መሸነፍንም ቢሆን ልጅ የሚለማመደው በሜዳ ላይ ነው፤ ተሸንፎ፣ አኩርፎ፣ በማግሥቱ ተመልሶ ይገባል። በፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ የወደቀ ወጣት ዓለም የተደፋበት የሚመስለው ከዚያ በፊት መሸነፍን ያስለመደው ስለሌለ ይሆን? እኛ እንዲያ ይመስለናል።

ነገር ግን ሜዳው ሊያቆስልም ይችላል፤ ይህን ሳንናገር ማለፍ አንችልም። አስተማሪው ወፍራሙን ልጅ በጓደኞቹ ፊት «አንተ ተንከባለል» ብሎ ካሳቀበት፣ ያ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ከሜዳ ይሸሻል። ክራንች የያዘችው ልጅ የሌሎችን ቦርሳ ጠባቂ ሆና ከተመደበች፣ በዚያ ሰዓት የተማረችው ቦታዋ የት እንደሆነ ብቻ ነው። ልጃገረዶች ልብስ የሚለውጡበት ክፍልና የሚታጠቡበት ውኃ ሳይኖር «ለምን አትሮጡም» መባላቸው አይገባንም። የወር አበባ ላይ ያለች ተማሪ ለወንድ አስተማሪ ምን ብላ እንድትነግረው ይጠበቃል? «አሞኛል» ትላለች፤ አስተማሪውም ሰነፍ ብሎ ይመዘግባታል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን ግን ሩጫ ቅጣት መሆኑ ነው። ያረፈደ ተማሪ «ሜዳውን አምስት ጊዜ ዙር» ይባላል። የረበሸ እንደ እንቁራሪት ይዘላል። የቤት ሥራ ያልሠራው እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ይቆማል። እንግዲህ ልጁ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ የሚማረው ሰውነቱን ማንቀሳቀስ የጥፋተኛ ዕዳ መሆኑን ነው። ይህ የሚሆነው አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. በሮማ ጎዳና በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ ስማችንን ካስጠራበት፣ ደራርቱ ቱሉም በ1992 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር ካሸነፈችበት አገር ነው። ሌላው ዓለም ኢትዮጵያዊ ልጅ ሲሮጥ ማየትን ይመኛል፤ እኛ ልጁ ሲያጠፋ እናስሮጠዋለን።

ደራርቱን ካነሣን ዘንድ አንድ ሰው እናስታውስ። በአርሲ በቆጂ የምትባለው ትንሽ ከተማ ደራርቱን፣ ቀነኒሳ በቀለን፣ ጥሩነሽ ዲባባን አፍርታለች። እነዚህን ልጆች በልጅነታቸው አይቶ ያሠለጠናቸው ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪ ነበር። ከውጭ የመጣ ባለሙያ አልነበረም፤ ስታዲየምም አልነበረውም። የነበረው ክፍለ ጊዜው ነበር፤ ያንንም ሠራበት። በዚያ ትምህርት ቤት ሰዓቱ ለሒሳብ ክለሳ ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ስንት ሜዳልያ በዴስክ ላይ ተቀምጦ ይቀር ነበር?

ይህን ስንል ግን የክፍለ ጊዜው ዓላማ ሻምፒዮን መፈለግ ነው ማለታችን እንዳይመስል። ፈጣኖቹን መርጦ ሌሎቹን ተመልካች የሚያደርግ አስተማሪ ስለ በቆጂ የሰማውን በትክክል አልሰማም። ከመቶ ልጆች ዘጠና ዘጠኙ በዓለም ፊት አይሮጡም። ሰዓቱ የተሠራው ለእነርሱ ነው፤ ይልቁንም በመጨረሻ ለሚደርሰው።

ገንዘብ የለም፣ ቦታ የለም የሚለውን እንመልከት። የገንዘቡ ነገር ያን ያህል አያሳምነንም። ሰኞ ማክሰኞ ጠመኔ እንጂ ሌላ አይፈልግም። ገመድ ዝላይ አንድ ገመድ፣ አኩኩሉ ምንም አይፈልግም። የገና ጨዋታ ከዱላና ከጥንግ በቀር ወጪ የለውም፤ በቡድን መሮጥንና መከላከልን ከማንኛውም የውጭ ስፖርት ባላነሰ ያስተምራል። ትግል ሣር ካለ ይበቃዋል። አባቶቻችን ትምህርትን ከአካል ለይተው አያዩትም ነበር። የአቋቋም ተማሪ መቋሚያውንና ጸናጽሉን ይዞ ሌሊቱን ቆሞ የሚያድረው ዜማው በእግሩና በትከሻውም እንዲጻፍ ነው። ስልሳ ልጅ በዴስክ ላይ ስድስት ሰዓት ጠፍሮ ማስቀመጥ ከየት እንዳመጣነው እንጃ።

የቦታው ነገር ግን ከባድ ነው። ለመኖሪያ ተብሎ የተሠራ ቪላ ተከራይተው ትምህርት ቤት የሚከፍቱ ብዙዎች ናቸው፤ የመኝታ ክፍሉ ሁለተኛ ክፍል፣ ጋራዡ መዋዕለ ሕፃናት ይሆናል። በእረፍት ሰዓት ልጆቹ በተራ ይወጣሉ፤ አንድ ላይ ቢወጡ መቆሚያ የላቸውምና። ፈቃድ የሚሰጠው አካል ጥቁር ሰሌዳ መኖሩን እንደሚጠይቅ ሁሉ ልጅ የሚሮጥበት መሬት መኖሩንም ይጠይቅ። መሬቱ ከሌለ በአቅራቢያው ካለ የቀበሌ ሜዳ ጋር ውል ይያዝ፤ ልጆቹም በሳምንት ሁለት ቀን በእግራቸው ይሂዱ። መንገዱ ራሱ እንቅስቃሴ ነው። በከተማችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአንዳንድ እሑዶች «መንገድ ለሰው» ተብሎ ጎዳና ለመኪና ሲዘጋ ሕፃናት እንዴት እንደሚፈነጥዙ ያየ ሰው፣ ልጆቹ መሮጥ ጠልተው ነው አይልም።

መብት መሆኑን የሚጠራጠር ካለ፣ ዩኔስኮ በ1978 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው ቻርተር የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ለሁሉ የሚገባ መሠረታዊ መብት መሆኑን በመጀመሪያው አንቀጽ ጽፏል። የ1989 እ.ኤ.አ. የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 31 የማረፍና የመጫወትን መብት ሰጥቷል፤ አገራችንም በ1991 እ.ኤ.አ. ተቀብላዋለች።

አሁን ወደ ራሳችን ግቢ እንመለስ። በዚህ ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ በስፖርት ሳይንስ ክፍል ሲመደብ «ኳስ ልታባርር ነው?» የሚሉት አሉ። ይህ ቀልድ ዋጋ አለው። ነገ ያው ተማሪ በአንድ ትምህርት ቤት ሲቀጠር የሒሳብ አስተማሪው ሰዓቱን «ስጠኝ» ብሎ የሚጠይቀው በዚሁ ቀልድ ምክንያት ነው፤ እርሱም የሚሰጠው ትምህርቱ ትምህርት እንዳልሆነ ሲነገረው ስለ ኖረ ነው። የአጥንትን፣ የልብንና የሕፃናትን ዕድገት አጥንቶ የተመረቀ ሰው ፊሽካ ነፊ ተብሎ ሊቀር አይገባም።

ስለዚህ ለሦስት ወገን ሦስት ነገር እንጠይቃለን። ለማስተማር ልምምድ ወደ ትምህርት ቤቶች የምትወጡ ጓደኞቻችን የሰውነት ማጎልመሻን ሰዓት ውሰዱ ብትባሉ በትሕትና እምቢ በሉ፤ ስንት ጊዜ እንደተባላችሁም ጽፋችሁ አምጡልን፤ በዚሁ ጋዜጣ እናወጣዋለን፤ የትምህርት ቤቱን ስም ግን አንጠራም። የትምህርት ፋኩልቲ መምህሮቻችን ደግሞ የሰውነት ማጎልመሻ ምንነትና የልጆች የአእምሮ ጤና ለሁሉም ዕጩ አስተማሪ፣ ለፊዚክሱም ለታሪኩም፣ ጥቂት ሰዓት እንዲሰጥ እንዲያስቡበት በአክብሮት እንለምናለን። ለዩኒቨርሲቲው አስተዳደር የምናቀርበው ይህ ነው፤ ሜዳችን ቅዳሜ ጧት ባዶውን ይውላል፤ በአጥራችን ዙሪያ ያሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ልጆች ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ይግቡበት። የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች በተራ ያሠሯቸዋል፤ ለእነርሱም ልምምድ ይሆንላቸዋል።

በሩን ማን ይጠብቃል፣ ልጅ ቢወድቅ ማን ይጠየቃል የሚሉት ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው፤ በሚቀጥለው የማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ አንድ በአንድ እንነጋገርባቸዋለን። የሚያሠሩትን ለመመዝገብ ዝርዝሩ በማኅበሩ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ያሰብነውን የሚቃወም ካለም፣ ይልቁንም ከሒሳብ ክፍል፣ ጽሑፉን እስከ ሐሙስ ያድርሰን፤ ለሚመጣው እትም አንድ ሙሉ ስቴንስል አስቀርተንለታል።